ሰባት ቤት፣ ርስትና ዲኤንኤ፦ የቤተ እስራኤልና የክርስቲያን ደገኞች የጋራ አያት ፍለጋ

በኢየሩሳሌም ከነቢያት ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው ጠባብ የኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ ግንባታው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 የተፈጸመው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቆሟል (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ቅጥር ውስጥ በግዕዝ የሚቀድሱት መነኮሳትና በዚያችው ከተማ በየዓመቱ የስግድን በዓል ለማክበር የሚሰበሰቡት ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) በሃይማኖት ቢለያዩም የወጡበት ደጋ አንድ ነው፤ ኦሪትን ያነበቡት በአንድ የግዕዝ ቋንቋ ነው፤ ልጅ የሚመክሩበትና ሙሾ የሚያወርዱበት አማርኛም ሆነ ትግርኛ የጋራቸው ነው። የደም ዝምድናቸውን የተመለከተው ጥናት ግን በአብዛኛው ሕዝብን ከሕዝብ ያነጻጸረ እንጂ ቤተሰብን ከቤተሰብ ያገናኘ አይደለም። አንድ የደምቢያ ክርስቲያንና አንድ የወለቃ ቤተ እስራኤላዊ በስም የሚታወቅ የጋራ አያት ሊኖራቸው ይችላል ወይ፣ ቢኖራቸውስ በምን ማስረጃ ይገኛል የሚለው ጥያቄ ለብቻው መታየት ይገባዋል።

ለዚህ ጥያቄ ሦስት ምስክሮች ይቀርባሉ፤ አንደኛው ሽማግሌዎች በቃል የያዙት የትውልድ ቆጠራ፣ ሁለተኛው በብራናና በመዝገብ የሰፈረው ጽሑፍ፣ ሦስተኛው በሰው አካል ሴሎች ውስጥ ተጽፎ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዲኤንኤ ነው። ሦስቱ ስለ አንድ ነገር የሚመሰክሩ ቢመስሉም እያንዳንዱ የሚያየውም የሚሰውረውም የራሱ ነገር ስላለው፣ የአንዱን ቃል በሌላው ላይ ፈራጅ አድርጎ ማስቀመጥ ከመጀመሪያው ስሕተት ላይ ይጥላል።

በቃል ከሚያዘው እንጀምር። ደገኛው ኢትዮጵያዊ አጥንትና ጉልጥምት የሚቆጥረው በሁለት ዐበይት ምክንያቶች ነበር። የመጀመሪያው ርስት ነው። ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ አቀና ከሚባለው አባት፣ ማለትም ከአቅኚው አባት፣ መወለዱን ማስረዳት የቻለ ሁሉ ድርሻ የሚጠይቅበት የመሬት ሥሪት ሲሆን፣ አላን ሆበን የተባለው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በጎጃም ዳሞት ያደረገውን ጥናት በ1973 ባሳተመበት መጽሐፍ በሰፊው እንዳሳየው፣ የመጠየቅ መብቱ በአባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ርስት የሚሟገት ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ጊዜ በወንድ፣ አንድ ጊዜ በሴት እየተሻገረ እስከ አቅኚው አባት ይደርስ ነበር፤ ባላጋራው ደግሞ ከመካከል አንዷን ሴት አውጥቶ ከዚያ ቤት አልተወለደችም ብሎ ይሞግተው ነበር። የሰው ትዝታ እንዲህ በሙግት ሲፈተን ይጠነክራል፤ እንዲህ ሲፈተንም ለጥቅም ተብሎ ይታጠፋል። የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን ያደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን ሲሽር፣ ከመሬቱ ጋር ሰው ሐረጉን አርቆ እንዲያውቅ ያስገድድ የነበረውን ትልቁን ምክንያት አብሮ አነሣ።

ሁለተኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም፤ ይህ ሥርዓት በክርስቲያኑም በቤተ እስራኤሉም ዘንድ የጸና ሲሆን፣ ‹‹ቤት›› እዚህ ላይ ትውልድን እንጂ ጎጆን ወይም ነገድን አያመለክትም፤ ሰባት ቤት ጉራጌ ከሚለው አጠራር ጋርም አይገናኝም። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ቆጠራው የሚካሄደው በሁለቱም ወገን ነው። የወንዱ ወገን አዋቂ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን እያለ በአባት መስመር ይወጣና ይመለሳል፤ ከዚያ በእናቱ አባት፣ ቀጥሎ በእናቱ እናት በኩል እንደገና ይጀምራል፤ የሴቷም ወገን አዋቂ በጣቱ እያጠፈ ይከተለዋል። አንድ ስም ከሁለቱም አፍ ሲወጣ ጉባኤው ጸጥ ይላል፤ የየት አገር ሰው፣ የማን ወንድም፣ ማንን ያገባ እየተባለ ይጣራል፤ ሰውየው አንድ ሆኖ ከተገኘና ከሰባት ቤት በታች ከወደቀ ጋብቻው ይቀራል። አንድ ሰው በሰባተኛው ትውልድ ላይ የሚኖሩት ቅድመ አያቶች 128 ናቸውና ይህን ሁሉ በስም የሚያውቅ ሽማግሌ እምብዛም አይገኝም፤ ዳሩ ግን ሁለት ወገኖች ተቀምጠው አንዱ የሌላውን እየሞላ የሚያደርጉት ይህ ምርመራ፣ የጋራ አያትን ለማግኘት ተብሎ የተዘጋጀ የአገር በቀል ዘዴ መሆኑን ማንም ሊክደው አይገባም። በእስራኤል አገር የተወለዱ ወጣቶች ሲተጫጩ ወላጆቻቸው ዛሬም ስልክ ደውለው ቄሱንና ሽማግሌውን ይጠይቃሉ።

ነገር ግን ይህ ዘዴ በተነሣው ጥያቄ ላይ አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። ቤተ እስራኤላዊና ክርስቲያን ስለማይጋቡ ሁለቱ ቆጠራዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ተመሳክረው አያውቁም። ከዚህም በላይ፣ ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኘው የጋራ አያት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ሰው ሃይማኖቱን በለወጠበት ቦታ ላይ ነው፤ ያን ሰው ለመርሳት ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ምክንያት ነበራቸው። የተጠመቀውን ልጅ ቤተ እስራኤሎች ንጽሕናቸውን ለመጠበቅ ከማኅበራቸው ያገሉት ነበርና ስሙ ከቆጠራው ይወጣል፤ በገባበት የክርስቲያን ደብር ደግሞ ቤተ እስራኤሎች ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ናቸው ተብለው በቡዳነት ይጠረጠሩ ስለነበር፣ ልጆቹ ርስት ሲሟገቱም ሆነ ሲዳሩ የቤተ እስራኤል አያታቸውን ስም አያነሡም። የጋራው አያት በአጋጣሚ የተረሳ ሰው አይደለም፤ በሁለት ወገን በኩል ታስቦበት ከቆጠራ የወጣ ሰው ነው። ፍለጋውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

መሻገሩ መቼ መቼ እንደተፈጸመ ታሪክ በደምሳሳው ያመለክታል። የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ1332 ወደ ስሜንና ወገራ አካባቢ እንደ አይሁድ ያሉ ናቸው በተባሉ ሰዎች ላይ ጦር መላኩን ይናገራል፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ ክርስትናን የተቀበለ ርስቱን እንዲይዝ፣ ያልተቀበለ ግን ርስት አልባ እንዲሆን እንዳዘዙ በትውፊት ይነገራል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአፄ ሠርፀ ድንግል፣ በ17ኛው መጀመሪያም በአፄ ሱስንዮስ ዘመቻዎች የቤተ እስራኤል ራስ ገዝነት ሲያከትም ብዙዎች በግድ ተጠመቁ። ከዚያ በኋላ በጎንደር ግንበኛና አንጥረኛ ሆነው ከከተማው ጎን ኖሩ። በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ ከለንደኑ የአይሁድ ሚስዮን ማኅበር ተልኮ ሲመጣ፣ ከእርሱም በኋላ ማርቲን ፍላድ ሥራውን ሲያደራጅ፣ አፄ ቴዎድሮስ የፈቀዱላቸው ተለዋጮቹ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ነበር። ይህ ቅድመ ሁኔታ ለትውልድ ፈላጊ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው፤ በፕሮቴስታንት ሰባኪ የተለወጠው ቤተሰብ እንኳ የገባው ለብቻው ወደቆመ ማኅበር ሳይሆን ጎረቤቶቹ ወደሚያስቀድሱበት ደብር ነውና። በመጨረሻም ከ1888 እስከ 1892 ከብቱንም ሰውንም የፈጀው ክፉ ቀን መጣ፤ በዚያ ረኃብ መንደር ለመንደር የተበተኑት ቤተ እስራኤሎች ብዙዎቹ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ከክርስቲያኑ ጋር ተቀላቀሉ።

ጽሑፍስ ምን ይላል? በዚህ ረገድ የስኮትላንድንና የአየርላንድን ሁኔታ ማየት ይጠቅማል፤ በጠባብ ባሕር የተለያዩት ሁለቱ አገሮች፣ በተለይም ከ1609 ጀምሮ በአልስተር በተካሄደው ሰፈራ ብዙ ስኮትላንዳውያን ወደ አየርላንድ ስለተሻገሩ፣ የጋራ አያት ፍለጋ እጅግ የተስፋፋባቸው ናቸው። በስኮትላንድ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረው በ1855 ሲሆን በአየርላንድ ሙሉው ምዝገባ የጀመረው በ1864 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን የደብር መዝገብ ይሞላዋል። በ1922 በደብሊን የፎር ኮርትስ ሕንፃ በእርስ በርስ ጦርነት ሲቃጠል ግን የሕዝብ መዛግብት ቤቱ አብሮ ነደደ፤ ብዙ የሕዝብ ቆጠራና የደብር መዛግብት በዚያ ቀን ጠፉ። የኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያንም የዚህ አምሳያ የሆነ ቀን አላቸው፤ በ1838 ወረርሽኝ በዴር ሡልጣን ገዳም የነበሩትን መነኮሳት ከጥቂቶች በቀር ከፈጃቸው በኋላ፣ በሽታውን ያዛምታል በሚል ሰበብ የመጻሕፍት ቤታቸው ተቃጠለ። ከዚያ እሳት በፊት የነበሩትን የገዳሙን ሰዎች ዛሬ ማወቅ የሚቻለው በአብዛኛው ከውጭ ሰዎች ጽሑፍ ነው፤ ተመራማሪው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1943 እና በ1947 ባሳተማቸው ሁለት ቅጾች ከተጓዦች ማስታወሻና ከአውሮፓ ቤተ መዛግብት ለቅሞ ያቆመውም ይህንኑ ታሪክ ነው።

የደብረ ገነትም ሆነ የሌሎች ገዳማት ብራናዎች ግን ሌላ ዓይነት የትውልድ መረጃ ይዘዋል። መጽሐፍ ያስጻፈ ወይም ለገዳም የሰጠ ሰው በመጨረሻው ገጽ ወይም በኅዳጉ ላይ ስሙን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም አስፍሮ እንዲጸለይላቸው ይማጸናል፤ የእናት ስም በግልጽ ከሚጻፍባቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው። ችግሩ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የክርስትና ስም መሆኑ ነው። በመንደሩ ደስታ ወይም አለሚቱ ተብሎ የሚታወቀው ሰው በብራናው ላይ ወልደ ሚካኤል ወይም ወለተ ማርያም ይሆናል፤ ወለተ ማርያሞች ደግሞ በአንድ ደብር ብቻ ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ ያውቀዋል። መነኩሴ ሲሆን ስሙ እንደገና ይለወጣል፤ ልጅም አይተውም። የኢየሩሳሌም ማኅበር ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ፣ ልዑካኑ በ1441 እስከ ፍሎረንስ ጉባኤ የደረሱ፣ ሳይቋረጥ የቆየ ማኅበር ቢሆንም ከዚያ እስከ ዛሬ የሚወርድ የደም መስመር የለውም፤ የሚቀጥለው በቃል ኪዳንና በመጽሐፍ ነው። ይህን ማኅበር በዲኤንኤ እንመርምር የሚል ቢነሣ የሚያገኘው የጎጃምን፣ የትግራይን፣ የሸዋን መንደሮች እንጂ የገዳሙን ታሪክ አይደለም። የእነዚህ መነኮሳት ወንድሞችና እኅቶች ዘር በየአገሩ አለ፤ ነገር ግን ‹‹አንድ አጎታችን ኢየሩሳሌም ገባ›› ከሚል የቤተሰብ ቃል በቀር ከገዳሙ ስም ጋር የሚያገናኛቸው ክር አብዛኛውን ጊዜ የለም።

በኢትዮጵያ የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው በ2016 ስለሆነ፣ የዛሬ ሽማግሌ አያቱን በመዝገብ ሊያገኝ አይችልም። ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ሲገቡ ደግሞ ስማቸው ሌላ ለውጥ አገኘው። ኢትዮጵያዊ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይዝም፤ በእስራኤል ግን የቤተሰብ ስም ስለሚጠየቅ ብዙውን ጊዜ የአያት ስም በዚያ ቦታ ገባ፤ ለልጆችም የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ የገባ አጎትና ግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ሲጓጓዙ የገባ የወንድሙ ልጅ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አያት ስም ሲያስመዘግቡ የሁለት ባዕድ ቤተሰብ አባላት መስለው በመዝገብ ይታያሉ። ዛሬ ከ160 ሺህ በላይ የሆነው ይህ ማኅበረሰብ መዝገቡን ብቻ ይዞ ዝምድናውን ሊያገኝ እንደማይችል ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምስክር እንለፍ። ዲኤንኤ የዝምድና ምርመራ ሲደረግበት በሦስት መንገድ ይነበባል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞሶም የወንድ መስመርን ያሳያል፤ ከእናት ወደ ልጆች ሁሉ የሚተላለፈውና በሴሉ ውስጥ ኃይል አመንጪ በሆነው ሚቶኮንድሪያ የሚገኘው ዲኤንኤ የእናትን መስመር ያሳያል፤ የቀረው፣ ከሁለቱም ወላጆች በግማሽ በግማሽ እየተቀላቀለ የሚወርደው፣ መላውን ዝምድና በቁርጥራጭ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እጅግ ሩቅ ድረስ ይሄዳሉ፤ ሆኖም ከ128ቱ የሰባተኛ ትውልድ አያቶች እያንዳንዳቸው የሚነግሩን ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው ስለ ብዙዎች ይነግረናል፤ ነገር ግን በየትውልዱ እየተቆረጠ ስለሚያንስ ሩቅ አያት ላይ ይጠፋል። ከ20 ትውልድ በፊት፣ ማለትም በአፄ ይስሐቅ ዘመን ገደማ፣ አንድ ሰው በሒሳብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአያት ቦታዎች ሲኖሩት፣ ከዚያ ዘመን ወደ አካሉ የሚደርሱት የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ግን ሺህና ጥቂት መቶ ቢሆኑ ነው። በእርግጥ አያቶቹ የሆኑ እጅግ ብዙ ሰዎች በደሙ ውስጥ ምንም አልተዉም ማለት ነው።

በሕዝብ ደረጃ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ዶሮን በሃርና ባልደረቦቹ በ2010 በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ ቤተ እስራኤሎች በመላው ዘረ መላቸው ከሌሎች አይሁዳውያን ማኅበረሰቦች ይልቅ ለኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻቸው የቀረቡ መሆናቸውን አሳየ። ሉካ ፓጋኒና ሌሎች በ2012 ባወጡት ጥናት ደግሞ የሴማዊና የኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ትልቅ የዘር ድርሻ እንዳላቸውና ቅልቅሉ የሚቆጠረው ወደ 3,000 ዓመት ገደማ መሆኑን ገመቱ። ጋዜጦች ይህን ቀን ይዘው የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ ተረጋገጠ አሉ፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ስሌት የሚያሳየው የብዙ ሺህ ሰዎች ቅልቅል አማካይ ዘመን ስለሆነ የአንድ ንጉሥና የአንዲት ንግሥት ምስክር ሊሆን አይችልም። በሌላ ጫፍም፣ የበሃር ጥናት የቤተ እስራኤልን ሃይማኖታዊ ጥንተ መሠረት አፈረሰ የሚሉ አሉ፤ ይህም ያው ስሕተት ነው። ሃይማኖት በማስተማርና በመለወጥም ይተላለፋልና፣ ከሩቅ ዘመን የመጡ ጥቂት አባቶችም በዲኤንኤ ሳይታዩ በእርግጥ አባቶች ሊሆኑ ይችላሉና። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤሎች ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ሲወስኑ የተመረኮዙት በቀደሙ የራቢዎች ምላሾች ላይ ነበር፤ ውሳኔው የቆመው በሕግና በትውፊት መሠረት ላይ ስለሆነ በላቦራቶሪ አይረጋገጥም፣ አይሻርምም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው በደቡብ ኢትዮጵያ የአሪ ሕዝብ ላይ የተደረገው ጥናት ነው። የአሪ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች በዘረ መላቸው ይለያዩ ስለነበር፣ አንጥረኞቹ የጥንት ሌላ ሕዝብ ቅሬታ ናቸው የሚል መላ ምት ነበር፤ በ2015 ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጽሑፍ ግን ሁለቱ ከአንድ ሕዝብ የተገኙ መሆናቸውንና ልዩነቱ የመጣው ቀጥቃጮቹ በመገለላቸው በመካከላቸው ብቻ ስለተጋቡ መሆኑን አሳዩ። ከጋብቻ ክልከላ የተነሣ መለያየት የጥንት የዘር ልዩነት መስሎ ሊታይ እንደሚችል ይህ ግሩም ማስረጃ ነው። ማረሻና ጀበና የሠሩ ቤተ እስራኤሎች፣ አትንኩኝ በሚል የንጽሕና ሥርዓትና በጎረቤት ጥርጣሬ መካከል ተከልለው የኖሩ በመሆናቸው፣ ልዩነታቸውን ስናነብ ይህን ማስታወስ ይገባል።

የንግድ ቤተ ሙከራዎች የሚሰጡት የመቶኛ ውጤት ብዙ ኢትዮጵያውያንን የሚያሳስተው በዚህ ቦታ ነው። መቶኛው የሚወጣው የተመርማሪውን ዲኤንኤ ለማነጻጸሪያ ከተቀመጡ ናሙናዎች ጋር በማስተያየት ነው። የኢትዮጵያን ደጋ የሚወክለው ናሙና ከቤተ እስራኤሎች የተወሰደ ከሆነ፣ የመንዝ ወይም የጎጃም ሰው በምራቁ ያገኘው ውጤት አብላጫው ኢትዮጵያዊ አይሁዳዊ ነው ይለዋል። ይህ የሚያሳየው በናሙናው ሣጥን ላይ የተጻፈውን ስም ነው። በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ አያቴ ቤተ እስራኤል ነበሩ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ሁለቱ ሕዝቦች እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸውን ግን ውጤቱ ሳያውቀው መስክሯል።

ነገሩ ተራ የማወቅ ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ የሰዎች ዕጣ የሚወሰንበት ነው። ከተጠመቁት ቤተ እስራኤሎች የተወለዱት፣ ዘረ ቤተ እስራኤል ተብለው ሊጠሩ የሚገባቸው ሰዎች፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲጠባበቁ ቆይተዋል። የእስራኤል መንግሥት በ2003 ያወጣው ውሳኔ በእናት በኩል ከቤተ እስራኤል የሚወለዱትን የሚመለከት ነበር፤ የኢትዮጵያ ስም አወጣጥ ግን የአባትን መስመር እንጂ የእናትን አይዝም። ሕጉ የሚፈልጋት ሴት በስም ውስጥ የሌለችው ሴት ናት። የእናት መስመርን የሚያሳየው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤም ለዚህ አይረዳም፤ በቤተ እስራኤል ሴቶች ዘንድ የሚገኙት የእናት መስመሮች በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም ዘንድ ስለሚገኙ የየትኛው እምነት ሴት እንደነበረች ሊለይ አይችልምና። በዚህ ሁኔታ የሚቀረው የቃል ቆጠራው ነው፤ እርሱም ቢሆን ቀድሞ መደበቅ ይጠቅም የነበረው ስም አሁን መግለጥ የሚጠቅም ስለሆነ በጥንቃቄና በክብር መመስከር ይኖርበታል።

ዲኤንኤ ቤተሰብን የሚለካበት መስፈሪያ ጠባብ መሆኑም በሌላ ቦታ ታይቷል። የአሜሪካ መንግሥት በ2008 በናይሮቢ በጀመረውና ወደ ኢትዮጵያም ባሰፋው ምርመራ የስደተኛ ቤተሰቦችን ዝምድና በዲኤንኤ ሲያጣራ፣ የተባለው ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አልሞሉምና የቤተሰብ ማገናኘቱን መርሐ ግብር አቆመ። ሐሰት እንደነበረ አይካድም፤ ዳሩ ግን በእኛ አገር የሟች ወንድም ልጅ ልጅ ነው፤ ማር የተቀባ ጡት ወይም አውራ ጣት አፉ ላይ ተደርጎለት የተማለለት የጡት ልጅ ልጅ ነው፤ አበልጅ ዘመድ ነው። በቤተ እስራኤል ዘንድም፣ እንደ ክርስቲያኑ ሁሉ፣ በቤት ባሪያነት ገብተው የኖሩ ሰዎች ዘሮች ከቤተሰቡ ጋር ቢኖሩም በሐረግ ቆጠራ ለብቻ ይታዩ እንደነበር ተመራማሪዋ ሃጋር ሳላሞን በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋለች፤ ቆጠራው ዘመድን ብቻ ሳይሆን ማግለልንም ጠብቆ እንዳቆየ ማመን ያስፈልጋል። እስራኤል በ2000 ያወጣችው የዘረ መል መረጃ ሕግ፣ ዝምድናን ለማረጋገጥ የሚደረግ ምርመራን በፍርድ ቤት ፈቃድ ገድቧል፤ የአንድ ሰው ውጤት የወላጆቹንና የወንድሞቹን ምስጢር አብሮ ስለሚገልጥ ይህ ገደብ ለዘር ፈላጊ ቢከብድም ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ሲታይ የጋራ አያት በስም ሊገኝበት የሚችለው ጊዜ የትኛው ነው? የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከ13 ትውልድ በላይ ስለሚርቅ ለሰባት ቤት ቆጠራም ለዲኤንኤ ቁርጥራጭም አይደረስበትም፤ እዚያ ያሉ የጋራ አያቶች እንደነበሩ ማመን እንጂ መሰየም አይቻልም። ክፉ ቀን ግን ሁለቱም የሚደርሱበት ዘመን ነው። ለማስረዳት ያህል፣ በ1890 በደምቢያ ሁለት ወንድማማቾች ቢኖሩና አንደኛው ተጠምቆ ሲቀር ሌላው በቤተ እስራኤልነቱ ቢጸና፣ የሁለቱ ልጆች የአንደኛ ደረጃ፣ የልጅ ልጆቻቸው የሁለተኛ ደረጃ፣ በ1950 ገደማ የተወለዱት ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ የሦስተኛ ደረጃ ያጎት ልጆች ይሆናሉ። የሦስተኛ ደረጃ ያጎት ልጆች በአማካይ ከመቶ አንድ የማይሞላ ዲኤንኤ ቢጋሩም ከአሥር ጥንድ ዘጠኙ ገደማ በምርመራ ይገናኛሉ፤ በቀጣዩ ትውልድ፣ በአራተኛ ደረጃ፣ የሚገናኙት ከግማሽ አይበልጡም። ዛሬ በሕይወት ያሉት የሰባ ዓመት አዛውንቶች በምራቃቸውም በአንደበታቸውም ልጆቻቸው የማይዙትን ይዘዋል። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ቆጠራው ብቻ ሳይሆን የማገናኘቱም ዕድል በእኩሌታ ይቀንሳል።

የአየርላንድ ልምድ የሚጠቅመው በዚህ ነው። በ2006 በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የተሠራው ጥናት በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ የበዛውን፣ በኋላ ኤም222 የተባለውንና በስኮትላንድም የሚገኘውን የዋይ ክሮሞሶም ምልክት ከጥንታዊው የኡዊ ኒል ነገሥታት ሐረግ ጋር ያገናኘው፣ ምልክቱን ለብቻው አይቶ ሳይሆን የቤተሰብ ስሞችን ከትውልድ መጻሕፍት ጋር አዛምዶ ነው። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ባይኖርም አቅኚ አባት አለ፤ የርስት ቆጠራው በወንድና በሴት እየተቀላቀለ ስለሚሄድ ግን ለዋይ ክሮሞሶም ምርመራ የሚበቃው በወንድ ብቻ የወረደው ቅርንጫፍ ተለይቶ ሲወጣ ነው። ቆጠራውን የሚጽፍ ሰው ከእያንዳንዱ ስም ጎን በአባት ይሁን በእናት፣ በሥጋ ይሁን በጡት፣ ከየትኛው መንደር እንደሆነ ካላሰፈረ ከላቦራቶሪ የሚመጣው ማናቸውም ቁጥር የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም።

ከሁሉ በላይ ግን መጻፍ ያለበት የተሻገረው ሰው ስም ነው። እርሱ ሁለት ስም አለው፤ በቤተ እስራኤል ቤተሰቡ ዘንድ የተጠራበትና በተጠመቀ ጊዜ የወጣለት። የመጀመሪያውን የሚያስታውሱት ዛሬ በኢየሩሳሌም፣ በነታንያ ወይም በአሽዶድ የሚኖሩ የወንድሙ የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው፤ ሁለተኛውን የያዘው በደምቢያ ወይም በወገራ ባለ አንድ ደብር ለፍትሐት ሲጠራ የኖረው የክርስትና ስም ነው። ሁለቱ ስሞች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው የሚገኙበት መዝገብ እስካሁን አልተዘጋጀም፤ ለመዘጋጀቱ የሚያስፈልጉት ሰዎች ግን ስግድ ሲደርስ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ፣ የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ በዚያው ጠባብ ጎዳና ያልፋሉ።